መስማትም ማየትም የተሳነው ሕፃን የመጀመሪያ ቃሉን ከየት ያገኛል?

ይህን ጉዳይ ለመረዳት የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ነገር አለ። ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጆሮውን በጣቱ ይደፍናል። ለአንድ ደቂቃ እንዲያ ይቆይና «አቤት፣ እንዴት ይከብዳል!» ይላል። ሐሳቡ ቅን ነው። ግን ሩቅ አይወስደውም። ዓይናችንን ብንጨፍንም ክፍሉ በር እንዳለው እናውቃለን። ጓዳ ውስጥ ሰው እንዳለ እናውቃለን። ውሃ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ስሙም «ውሃ» መሆኑን እናውቃለን። ያጨለምነው ቀድሞ የምናውቀውን ዓለም ነው።

ሲወለድ ጀምሮ የማያይና የማይሰማ ሕፃን ግን ይህ ሁሉ የለውም። በር መኖሩን ማንም አላሳየውም። ነገሮች ስም እንዳላቸው አያውቅም። ሰው ለሰው ነገር «መንገር» እንደሚችል ራሱ አያውቅም። ታዲያ እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ቋንቋ የሚገባው በየት በኩል ነው? አስተማሪውስ ከምን ይጀምራል?

መልስ አለ። ከ180 ዓመት በላይ ሲሠራበትና ሲሻሻል የኖረ መልስ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምንም አያይም፣ ምንም አይሰማም ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ብርሃንና ጥላ የሚለይ ልጅ አለ። አፍንጫው ሥር ያቀረቡለትን ቀይ ኳስ የሚያይ አለ። የከበሮ ምት የሚሰማ፣ የሰው ንግግር ግን የማይለይ አለ። ጨርሶ የማያይና ጨርሶ የማይሰማው ከመካከላቸው ጥቂቱ ነው። መለያው ሌላ ነው። ልጁ የዓይኑን ጉድለት በጆሮው፣ የጆሮውንም በዓይኑ መሙላት አይችልም።

ዓይነ ስውር ልጅ የእናቱን ድምፅ ይከተላል። መስማት የተሳነው ልጅ ፊቷን ያነባል፣ እጇን ያያል። አንዱ ስሜት ሲጎድል ሌላው ተደርቦ ይሠራል። ሁለቱም ሲጎድሉ ግን ተደራቢ የለም። ባለሙያዎች ይህን ሁኔታ ራሱን የቻለ አንድ የአካል ጉዳት ነው የሚሉት ለዚህ ነው። ለዓይነ ስውራን የተዘጋጀው ትምህርት በድምፅ ላይ ይደገፋል። መስማት ለተሳናቸው የተዘጋጀው በዓይን ላይ ይደገፋል። ሁለቱን ብናጋጥማቸው ለዚህ ልጅ የሚሆን ትምህርት አይወጣም።

የዓለም መስማትና ማየት የተሳናቸው ፌዴሬሽን በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከዓለም ሕዝብ 0.2 በመቶው ከባድ፣ 2 በመቶ ገደማው ደግሞ ቀለል ያለ የሁለቱ ስሜቶች ጉድለት አለበት። ብዙዎቹ በዕድሜ ብዛት ያጡ አዋቂዎች ናቸው። ሕፃናቱ ቁጥራቸው ያነሰ ነው። ቁጥራቸው በማነሱም ይረሳሉ።

ከምን ይመጣል?

መንስኤው ብዙ ነው። ያለጊዜ መወለድ፣ ማጅራት ገትር፣ በዘር የሚወረሱ ሁኔታዎች ይገኙበታል። ከዘር ከሚመጡት አንዱ አሸር ሲንድሮም ይባላል። ልጁ የመስማት ጉድለት ይዞ ይወለድና እይታው እያደገ ሲሄድ ከዳር እየጠበበ ይመጣል።

በታሪክ ትልቁን አሻራ ያሳረፈው ግን ሩቤላ ነው፤ የጀርመን ኩፍኝ የምንለው። በሽታው ለአዋቂ ቀላል ነው፤ ትንሽ ትኩሳትና ሽፍታ አምጥቶ ይሄዳል። ለፅንስ ግን ክፉ ነው። ይህን በ1941 ያስተዋለው ኖርማን ግሬግ የተባለ አውስትራሊያዊ የዓይን ሐኪም ነበር። የዓይን ሞራ ይዘው የተወለዱ ሕፃናት ሲበዙበት እናቶቹን ጠየቀ። በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ ሩቤላ ይዟቸው ነበር። በ1964 እና በ1965 በሽታው በአሜሪካ ተዛምቶ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሕፃናት በዚህ ተጎድተው ተወለዱ። ብዙዎቹ መስማት፣ ብዙዎቹ ማየት፣ ከፊሎቹም ሁለቱንም የተሳናቸው ነበሩ። የአገሪቱ ምክር ቤት በ1968 ለእነዚህ ሕፃናት ማዕከላት እንዲቋቋሙ በሕግ ደነገገ። ክትባቱ በዓመቱ፣ በ1969 ፈቃድ አገኘ።

ልጁ ከሌሎች ልጆች የሚቀርበት ምንድን ነው?

እንጀራን እንውሰድ። አንድ የሦስት ዓመት ልጅ እንጀራ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ሊጡ ሲቦካ አይቷል። ምጣዱ ሲግል፣ ሊጡ ሲዞር፣ አክንባሎው ሲከደን፣ እንፋሎቱ ሲወጣ፣ እንጀራው በሰፌድ ተነሥቶ ወደ መሶብ ሲገባ እየተጫወተ ተመልክቷል። እናቱ «አትጠጋ፣ ያቃጥላል» ስትለውም ሰምቷል። የሕፃን ዕውቀት በአብዛኛው እንዲህ ሳይታሰብ የሚለቀም ነው።

ለማያይና ለማይሰማ ልጅ ግን እንጀራ አፉ ውስጥ ድንገት የሚገኝ ነገር ነው። ከየትም አይመጣም። ሲያልቅም የትም አይሄድም። ልብሱም፣ ውሃውም፣ ሰውም እንደዚያው ነው። ከሆነ ቦታ እጅ ይመጣል፤ ያነሣዋል፤ ቀዝቃዛ ነገር ያፈስበታል፤ ይጠፋል። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደፈለገ፣ ተመልሶ ይምጣ አይምጣ አይታወቅም።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲነኩት ቢደነግጥ፣ ቢናከስ፣ ራሱን ቢመታ፣ ቀኑን ሙሉ ቢወዛወዝ አይገርምም። የሚያሳዝነው ሰው የሚሰጠው ትርጉም ነው። «አእምሮው ልክ አይደለም» ይባላል። ከዚያ በኋላ ማንም አያስተምረውም። ሳይማር ሲቀር ደግሞ አለመማሩ ራሱ ለተባለው ማስረጃ ይሆናል። ይህ ክበብ ስንት ልጅ እንደዋጠ ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ታዲያ ትምህርቱ ከምን ይጀምራል?

ከፊደል አይጀምርም። ከቃልም አይጀምርም። እናት ልጅ አዝላ እሹሩሩ ስትል አስቡ። ዜማውን ለጊዜው እንተወውና እንቅስቃሴውን እንመልከት። ከግራ ቀኝ ትወዛወዛለች። ጀርባዋ ይሞቃል። ስታንጎራጉር ንዝረቱ በጀርባዋ አልፎ ልጁ ደረት ይደርሳል። የማይሰማ ልጅም ይህን ይቀበላል። አሁን ድንገት ቀጥ ትበል። ልጁ ምን ያደርጋል? እግሩን ያንፈራግጣል። ሰውነቱን ወደ ጎን ይገፋል። «ድገሚ» ማለቱ ነው። እሷም መልሳ ስትወዛወዝ ልጁ አንድ ትልቅ ነገር ያገኛል። እኔ አንድ ነገር ሳደርግ መልስ ይመጣል፤ እዚያ ማዶ ሌላ ሰው አለ።

ይህ ለዘዴው የተፈለሰፈ ምሳሌ አይምሰላችሁ። ሆላንዳዊው ያን ቫን ዳይክ ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ በሩቤላ ምክንያት መስማትና ማየት ከተሳናቸው ሕፃናት ጋር ሲሠራ ያስፋፋው ዘዴ መነሻው ተመሳሳይ ነው። አስተማሪው ልጁን አንሥቶ የራሱን ትምህርት አያስጀምርም። ልጁ የሚያደርገውን ፈልጎ ያገኛል። ልጁ ከተወዛወዘ አብሮት ይወዛወዛል። ከዳኸ አብሮት ይድሃል። ከዚያ ያቆማል። ይጠብቃል።

መጠበቁ ነው ከባዱ። የሚያይና የሚሰማ ልጅ ወዲያው ይመልሳል። ይህ ልጅ ግን የተደረገው ምን እንደሆነ በሰውነቱ አሰላስሎ እስኪመልስ ብዙ ሰከንዶች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስድበታል። የቸኮለ አስተማሪ ልጁ ሊመልስ ሲል ወደሚቀጥለው ያልፋል። ልጁም «መመለስ ዋጋ የለውም» የሚል ትምህርት ይወስዳል።

የአስተማሪው እጅ ምን ያደርጋል?

ብዙዎቻችን ልጅ ስናስተምር እጁን ከላይ ይዘን እንመራዋለን። ማንኪያውን አስይዘን ወደ አፉ እንገፋለን። ለዚህ ልጅ ግን እጁ ዓይኑ ነው። እጁን ጨምድዶ መያዝ የሌላውን ልጅ ጭንቅላት ይዞ በግድ ወደፈለጉት አቅጣጫ እንደ ማዞር ነው። ስለዚህ አስተማሪው እጁን ከልጁ እጅ በታች ያደርጋል። ማንኪያውን አስተማሪው ይይዛል፤ የልጁ እጅ ከላይ እንደ ጋላቢ ያርፋል። ልጁ ካልፈለገ እጁን ያነሣል። ከፈለገ ይከተላል። ቀስ በቀስ ማንኪያው ወደ እሱ እጅ ይሸጋገራል።

አንድ ሰው ወደ ልጁ ሲመጣ ደግሞ ማንነቱን ይናገራል። በቃል ሳይሆን በሚዳሰስ ነገር። እናት ሁሌ የምታደርገው አምባር ሊሆን ይችላል። የአባት ጢም ሊሆን ይችላል። የአስተማሪዋ የአንገት ማተብም ይሆናል። ትከሻውን ቀስ ብላ ትነካለች፤ ክንዱን ተከትላ ወደ እጁ ትወርዳለች፤ እጁን ወደ ማተቧ ትመራለች፤ ትጠብቃለች። ልጁ ሲያውቃት ነው ሥራው የሚጀምረው። ስትሄድም ሳትሰናበት አትሄድም። ዝም ብሎ የጠፋ ሰው ለዚህ ልጅ የተነነ ሰው ነው።

ዕቃ እንዴት ቃል ይሆናል?

ከምሳ በፊት ሁሌ አንድ ማንኪያ ልጁ እጅ ላይ ይቀመጣል። ያው ማንኪያ ነው፤ አይቀየርም። ከገላ መታጠብ በፊት ስፖንጁ ይቀርባል። ከቤት ሲወጣ የእናቱ ነጠላ ጫፍ ይሰጠዋል። ይህ በየቀኑ ይደጋገማል። አንድ ቀን ልጁ ነጠላውን ሲነካ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል። ነጠላው ጨርቅ መሆኑ አበቃ፤ «እንሂድ» ማለት ሆነ። ሌላ ቀን ደግሞ ራሱ ነጠላውን ፈልጎ ለእናቱ ይሰጣታል። ያን ጊዜ ልጁ ተናገረ።

እዚህ ላይ አዋቂዎች የሚሳሳቱት ስሕተት አለ። መኪና ለማለት የመጫወቻ መኪና ይሰጡታል። ለሚያይ ሰው መጫወቻው መኪና ይመስላል። ለእጅ ግን ምኑም አይመስልም። ልጁ ባጃጅ ውስጥ ሲገባ የሚያውቀው የሚጨብጠውን ብረት ነው። ስለዚህ «ባጃጅ» የሚለው ቃል እንደዚያ ብረት ያለ ቁራጭ ብረት ነው መሆን ያለበት። ምልክቱ የሚመረጠው ከልጁ እጅ እንጂ ከእኛ ዓይን አይደለም።

ዕቃዎቹ ሲበዙ በተራ ይደረደራሉ። ጎን ለጎን የተጣበቁ ትንንሽ ካርቶኖች ይበቃሉ። በመጀመሪያው ማንኪያ፣ በሁለተኛው ኳስ፣ በሦስተኛው ስፖንጅ። ይህ የልጁ የቀን መቁጠሪያ ነው። ጠዋት ከግራ ጀምሮ ይዳስሰዋል፤ ቀኑ ምን እንደሚመስል ያውቃል። አንዱ ሥራ ሲያልቅ ዕቃው «አለቀ» የሚባል ሌላ ሣጥን ውስጥ ይገባል። በዚህ ቀላል ነገር «ቀጥሎ»፣ «በኋላ»፣ «አለቀ» የሚሉት ሐሳቦች በእጅ የሚያዙ ይሆናሉ። ብዙ ልጆች የሚረጋጉትም እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ያወቀ ልጅ ለምን ይጮሃል?

ከዕቃው ወደ ዕቃው ቁራጭ፣ ከቁራጩ ወደ እጅ ምልክት፣ እንደ ልጁ አቅምም ወደ ጣት ፊደልና ወደ ብሬል፣ በጣት እየተዳሰሰ ወደሚነበበው የነጠብጣብ ጽሑፍ፣ ይኬዳል። የምልክት ቋንቋው በአየር ላይ አይታይም፤ ልጁ እጁን በተናጋሪው እጅ ላይ አድርጎ ይዳስሰዋል። የኢትዮጵያ የጣት ፊደል ለዚህ የሚመች ጠባይ ያለው ይመስለኛል። የእጁ ቅርፅ ፊደሉን ይናገራል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ቅርፁም እንቅስቃሴውም በመዳፍ ሥር ይዳሰሳል።

የሔለን ኬለር ታሪክ ግን በአንድ ቀን የሆነ አይደለም እንዴ?

ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። አስተማሪዋ የሕፃኗን እጅ ፓምፕ ሥር አደረገች፤ ውሃው ፈሰሰ፤ በሌላው መዳፏ «ውሃ» ብላ ጻፈች፤ ልጅቷ ገባት። ቀኑ ኤፕሪል 5፣ 1887 ይባላል፤ ቦታው በአላባማ ግዛት ተስከምቢያ። ታሪኩ እውነት ነው። ግን ከፊቱ የነበረው ሲቆረጥ ያሳስታል። ወላጅ ተአምር ይጠብቃል። ተአምሩ በወሩ ካልመጣ ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚህ የተቆረጠውን እንመልሰው።

ሔለን ከነእይታዋና ከነመስማቷ ነው የተወለደችው። ያጣቻቸው በ19 ወሯ ታምማ ነው። ከመታመሟ በፊት ውሃን «ዋ፣ ዋ» ትል ነበር። በኋላም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከቤተሰቧና ከምግብ አብሳይዋ ልጅ ጋር የምትግባባባቸው ወደ 60 የሚጠጉ የራሷ ምልክቶች ነበሯት። ዳቦ ስትፈልግ የመቁረጥና ቅቤ የመቀባት እንቅስቃሴ ታሳይ ነበር። ማለትም ፓምፑ ጋ ስትደርስ «ነገር በምልክት ይነገራል» የሚለውን ግማሹን መንገድ ሄዳበታለች።

አስተማሪዋ አን ሱሊቫንም ከሰማይ አልወረደችም። የድሃ አይሪሽ ስደተኞች ልጅ ናት። በአምስት ዓመቷ ገደማ ትራኮማ ዓይኗን ጎዳው። ዛሬም በዓለም ላይ ከፍተኛውን የትራኮማ ጫና የተሸከመችው ኢትዮጵያ በመሆኗ ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እናቷ ሞተች። አሥር ዓመት ሊሞላት ሲል ከታናሽ ወንድሟ ጋር የድሆች መጠለያ ገባች፤ ወንድሟ እዚያው ሞተ። በ14 ዓመቷ ቦስተን ወደሚገኘው የፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስትገባ ማንበብም መጻፍም አትችልም ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ከክፍሏ አንደኛ ሆና ተመረቀች። በቀዶ ሕክምናም እይታዋ በከፊል ተመለሰ።

እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት ጎልማሳ ሴት ትኖር ነበር። ሎራ ብሪጅማን ትባላለች። አን ከእሷ ጋር ለመጨዋወት ብላ የጣት ፊደል ተማረች። ይህች ሎራ ናት የዚህ ሁሉ መነሻ።

ከሔለን በፊት ማን ነበረች?

ሎራ በ1829 ተወለደች። በሁለት ዓመቷ ባደረባት ቀይ ትኩሳት እይታዋንም መስማቷንም አጣች። ማሽተትና መቅመስም ተዳከመባት። በ1837 የፐርኪንስ ኃላፊ የነበረው ሐኪም ሳሙኤል ግሪድሊ ሃው ወደ ትምህርት ቤቱ አመጣት። ሃው ማንኪያ፣ ቢላ፣ ሹካና ቁልፍ በመሳሰሉት ላይ ስማቸውን ጎላ ብሎ በሚዳሰስ ፊደል ለጠፈ። ከዚያ ወረቀቶቹን ለብቻ ሰጣት። ሎራ እያዛመደች ታስቀምጣቸው ጀመር። መጀመሪያ ላይ መኮረጅ ብቻ ነበር። ከብዙ ሳምንት ድካም በኋላ ነው «ይህ ስሙ ነው» የሚለው የገባት። በ1842 ቻርልስ ዲከንስ ጎብኝቷት ስለ እሷ ጻፈ፤ ስሟም በዓለም ናኘ።

አን ሱሊቫን ወደ አላባማ ከመሄዷ በፊት ለወራት የተቀመጠችው ሃው ስለ ሎራ የጻፋቸውን ዘገባዎች ስታነብ ነው። ለሔለን ይዛላት የሄደችውን አሻንጉሊት የፐርኪንስ ልጆች ገዙት፤ ልብሱን የሰፋችው ሎራ ናት። ሔለን መዳፍ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ቃልም «አሻንጉሊት» ነበር። ስለዚህ ከዚያ ፓምፕ ጀርባ 50 ዓመት አለ። ይህን ሳውቅ ነው ታሪኩን ይበልጥ የወደድኩት።

ከፓምፑ ቀን በኋላ አን ያደረገችው ነገርም ከፓምፑ አያንስም። የሔለንን የ15 ወር የአክስት ልጅ አስተዋለች። ሕፃኗን ማንም ፊደል አያስቆጥራትም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያወሯታል፤ ከዚያ ውስጥ ትለቅማለች። አን የትምህርት ሰዓትና የቃል ጥናት ትታ ቀኑን ሙሉ በሔለን መዳፍ ላይ ማውራት ጀመረች። ለሚሰማ ሕፃን ጆሮ እንደሚወራው ሁሉ።

ሲወለድ ጀምሮ የማያይና የማይሰማስ?

ለዚህ ከሔለን ይልቅ ማሪ ኧርታን ታስረዳለች። በ1885 ፈረንሳይ ውስጥ መስማትም ማየትም ተስኗት ተወለደች። እብድ ናት ተባለች። በ1895፣ አሥር ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ላርኔ በሚባል ቦታ መነኮሳት ወደሚያስተምሩበት ቤት ተወሰደች። መሬት ላይ እየተንከባለለች ትጮህ ነበር። ሲስተር ሴንት ማርጌሪት የተባለች መነኩሲት ተቀበለቻት።

ማሪ ከቤቷ ያመጣቻት አንዲት ትንሽ ቢላ ነበረች፤ አትለያትም። መነኩሲቷ ቢላዋን ወሰደችባት። ማሪ ተቆጣች። መነኩሲቷ መለሰችላትና አንዱን እጇን በሌላው ላይ እንደመቁረጥ አድርጋ አሳየቻት። ደግማ ወሰደች። ደግማ አሳየች። በመጨረሻ ማሪ ራሷ ምልክቱን ሠራች። ቢላዋም ወዲያው ተመለሰላት። የመነኩሲቷ ብልሃት ምርጫው ላይ ነው። ለእሷ የሚጠቅመውን ቃል አልመረጠችም። ልጅቷ የምትወደውን ነገር ፈልጋ አገኘች። ከዚያ በኋላ ማሪ የዳሰሳ ምልክት ቋንቋ፣ የጣት ፊደልና ብሬል ተማረች።

አስተማሪው ከየት ይገኛል?

ይህ ሥራ በክፍል ውስጥ 50 ልጅ አስቀምጦ የሚሠራ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለአንድ ልጅ አንድ ሰው ያስፈልጋል። በካናዳና በአሜሪካ ለዚህ የሠለጠነ ረዳት አለ። ልጁን ተክቶ አይሠራም፤ ዓለምን ወደ ልጁ እጅ ያቀርባል፣ የልጁንም ሐሳብ ለሌሎች ያደርሳል። ጠረጴዛው ላይ ምን እንዳለ፣ ማን እንደገባ፣ ልጆቹ ለምን እንደሳቁ በእጁ ይነግረዋል።

በእኛ አገር ለዓይነ ስውራን እንደ ሰበታው፣ መስማት ለተሳናቸው እንደ ሆሳዕናው ያሉ የታወቁ ትምህርት ቤቶች አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የልዩ ፍላጎት ትምህርትና የምልክት ቋንቋ ይሰጣል። ሁለቱም የተሳነው ልጅ ግን በመካከል ይወድቃል። አንደኛው ቤት «አይሰማም»፣ ሌላኛው «አያይም» ሊለው ይችላል። ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ላይ እነዚህን ልጆች ለይቶ ይጠቅሳል። ለእያንዳንዱ ልጅ በሚስማማው ቋንቋና የመግባቢያ መንገድ እንዲማር ይላል። የጎደለው በሁለቱም በኩል የሠለጠነ እጅ ነው። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አስተማሪ ብሬልና የዳሰሳ ዘዴ ቢጨምር፣ ብሬል የሚያውቀውም ምልክት ቋንቋ ቢጨምር፣ መንገዱ ከባዶ አይጀምርም።

ሌላም የተረሳ አስተማሪ አለ። መስማትና ማየት የተሳናቸው አዋቂዎች ራሳቸው ናቸው። በአገራችንም የራሳቸው ብሔራዊ ማኅበር አላቸው። በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ከ2007 ጀምሮ እንደነሱ ያሉ ሰዎች «ፕሮታክታይል» የሚባል መግባቢያ አሳድገዋል። በእሱ አንዱ ሲናገር ሌላው በጉልበቱ ወይም በክንዱ ላይ መታ መታ እያደረገ «እየሰማሁ ነው» ይለዋል፤ ሲስቅም ሳቁን በጣቱ ያሳየዋል። ይህን ሊያገኘው የሚችለው በዚያ ሕይወት ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ሀበን ግርማን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። እናቷ ከኤርትራ ተሰድዳ አሜሪካ የገባች ናት። ሀበን በ2013 ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቀች፤ መስማትና ማየት ከተሳናቸው የመጀመሪያዋ ናት። ታላቅ ወንድሟም እንደ እሷው ነው። አያቷ ኤርትራ ውስጥ እሱን ትምህርት ቤት ሲወስዱት «እንዲህ ያለ ልጅ የሚማርበት የለም» ተብለው መመለሳቸውን ሀበን ራሷ በአደባባይ ተናግራለች። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የተለየው የተወለዱበት ቦታ ነው።

ትምህርት ቤት እስኪገኝ ቤት ውስጥ ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ ሐኪም። ሕፃኑ በድምፅ የማይደነግጥ፣ ፊት የማይከተል፣ ዓይኑን በጣቱ የሚጫን ወይም ብርሃን ላይ የሚያፈጥ ከሆነ ዓይኑም ጆሮውም ይመርመር፤ አንዱ ብቻ አይደለም። የተረፈች ትንሽ እይታ ወይም ትንሽ መስማት ካለች በመነጽር ወይም በመስሚያ መሣሪያ ትታገዛለች። ያቺ ትንሿ ብዙ ትሠራለች። እጅግ ቀደም ብሎ መጀመር ይሻላል፤ «ትንሽ ይደግ» የሚለው ምክር ልጁን ይጎዳዋል።

ቀጥሎ ያለው በእጃችሁ ነው። ሳትነግሩት አታንሡት። ሸሚዙን ከማልበሳችሁ በፊት አስዳስሱት፣ ጠብቁ። ዕቃዎቹ ቦታቸውን አይቀያይሩ። ወንድምና እህቶቹም መለያ ይኑራቸው።

ቡናም ሲፈላ ጓዳ አትተዉት። ጥሬው ቡና በጣቶቹ መካከል ይለፍ። ሲቆላ ሽታው ይድረሰው። ሲወቀጥ እጁን ሙቀጫው ላይ አሳርፉለት፤ የዘነዘናው ምት ክንዱ ድረስ ይሰማዋል። ከሳምንት ወይም ከወራት በኋላ፣ ሽታው ሲመጣ እጁን ወደ ሙቀጫው ይዘረጋ ይሆናል። ያን ጊዜ ሥራችሁን አቁሙና እጃችሁን ከእጁ ሥር አድርጉ። «አዎ፣ ቡና ነው» በሉት።